የማጅራት መስታወት

ስለ ሰው ማጅራት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አሶሳ ውስጥ የለም። ጉራ አይደለም፤ ጉራ መንዛት ሲያምረኝ የማወራው ስለ ጢም አስተካከሌ ነው። ግን አስቡት፤ ሰው የገዛ ማጅራቱን አያየውም። ሚስቱ ታየዋለች፣ ባንክ ቤት ከኋላው የተሰለፈ ሰው ያየዋል፣ ከሁሉም አብልጬ ግን እኔ አየዋለሁ። የማን አንገት ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ የትኛው የቢሮ ኃላፊ በሹመቱ ማግስት ማጅራቱ ሁለት እጥፍ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አውቃለሁ። አልነግራችሁም እንጂ። ፀጉር አስተካካይ ምስጢር ይጠብቃል። ጣጣዬም የመጣው ከዚያው ነው፤ አንዴ ምስጢሩን ከራሱ ከባለቤቱ ጠበቅኩት።

ስሜ ሌንጂሳ ነው። ከወለጋ፣ ከመንዲ መጥቼ አሶሳ ከከተምኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ፀጉር ቤቴ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ መስታወትና ወረፋ መጠበቂያ አግዳሚ አላት፤ አራተኛ ሰው ከመጣ በር ላይ ይቆማል። ማሽኔ ግን ንጹሕ ናት። ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ከማለፌ በፊት ጥርሷን በብሩሽ አራግፌ፣ አልኮል ነፍቼ፣ ክብሪት እጭርባታለሁ። ቦግ ስትል አዲስ ደንበኛ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ያን ጊዜ ደስታዬ ወሰን የለውም።

በእኛ ሙያ ከመብራት መጥፋት የበለጠ የሚያስፈራ አንድ ነገር አለ፤ ላሽ። ራስ ላይ ወይም ጢም ውስጥ ሳንቲም የምታክል ክብና ልሙጥ ቦታ ትወጣለች፤ ፀጉር በቅሎባት የሚያውቅ አትመስልም። ሰው ሲያያት ሌላ ምክንያት አይፈልግም፣ "ከፀጉር ቤት ነው የያዘው" ይላል። ደባልቄ በሚባል የሙያ ጓደኛዬ አንድ ደንበኛ ላይ ላሽ ወጣና ወሬው በአንድ የገበያ ቀን ከተማውን አዳረሰው። ደባልቄ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ወንበር ሲወለውል ከርሞ ዕቃውን ጠቅልሎ ማንኩሽ ከተማ ገባ።

ሙርሳል ጎረቤቴ ነው። ከእኔ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ሱቅ ሞባይል ይጠግናል። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፣ እዚሁ አሶሳ ተወልዶ ያደገ። መብራት ሲጠፋ ከእሱ ባትሪ ገመድ ስቤ እሠራለሁ፤ እሱ ደግሞ ደንበኛ ሲያስቸግረው እኔ ዘንድ መጥቶ ፎጣ ለብሶ የተላጨ መስሎ ይደበቃል። የእናቴን ልጆች ሳልቆጥር እንደ እሱ የምወደው ሰው የለኝም። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት፣ ለጁምዓ እንዲያምርበት እቆርጠዋለሁ።

በኅዳር አጋማሽ በአንዱ ሐሙስ ስለ ሰርጉ ያወራልኛል፣ እኔ አንገቱን ዝቅ አድርጌ ማሽኔን እያንሸራተትኩ ነው። ከቀኝ ጆሮው ኋላ ዝቅ ብላ አየኋት። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ ቅርፊት የሌላት፣ ቁስል የሌላት፣ የምታብለጨልጭ። ደባልቄ በዓይኔ ላይ መጣ። ማሽኔን አየኋት፣ እሷም ያየችኝ መሰለኝ።

አሁን ስለ ትንሿ መስታወት ልንገራችሁ። ቆርጬ ስጨርስ ትንሿን መስታወት ከደንበኛው ኋላ እይዛለሁ፣ እሱ በትልቁ ውስጥ ማጅራቱን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይነሳል። ያለዚያ ማንም አይነሳም። ያን ቀን ከላይ ያለውን ፀጉር ወደ ታች አበጥሬ ቦታዋን ሸፈንኳትና ፎጣውን አራገፍኩ።

"መስታወቷስ?" አለ ሙርሳል።

"ተሰበረች።"

አልተሰበረችም። መሳቢያ ውስጥ ፎጣ ስር አስተኝቻት ነበር። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ ለሌላውም ደንበኛ ማውጣት አልቻልኩም፤ ሙርሳል በየደቂቃው ገመድ ፍለጋ፣ ወሬ ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ የአሶሳ ወንዶች ከኅዳር ጀምሮ ማጅራታቸውን በእምነት ይዘው ይወጡ ጀመር። እኔም ሰነፍኩ። ማንም የማያየውን መስመር ማን ያስተካክላል?

ሙርሳል ደግሞ ደግ ሰው ነው። በታኅሣሥ ጀርባዋ ሰማያዊ የሆነች አዲስ መስታወት ገዝቶ አመጣልኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ እሷም ተሰበረች አልኩት። እጄን ይዞ አገላብጦ አየው።

"ሌንጂ፣ ትንቀጠቀጣለህ እንዴ? ሐኪም ታይ" አለኝ ከልቡ አዝኖ።

አፈር ብበላ በወደድኩ። መስታወቶቹን ግን አላወጣሁም። ሰማያዊዋን ከመጀመሪያዋ ጎን አስተኛኋት።

በጥር ላሿ ራሷ ተናገረች። አንድ ጠዋት የሙርሳል እናት እማማ ኸድራ ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ገቡ። አገጩ ላይ፣ ጢሙ መሃል፣ አንዲት ልሙጥ ክብ ወጥታለች። ፊት ለፊት ነው፤ ፎጣ አይሸፍናት፣ ማበጠሪያ አያወርዳት።

"ሌንጂሳ" አሉ እማማ ኸድራ፣ "ልጄ ጢም ማን በላች? ያንተ ማሽን ነው የበላች። እኔ ሙሉ ልጅ ሰጠሁህ፣ አንተ ቀዳዳ ልጅ መለስክ።"

ሙርሳል ሳቁን ለመቆጣጠር ጣሪያውን አየ። እማማ ኸድራ ከዚህ ወጥተው ገበያ ከደረሱ አለቀልኝ። እናም ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሐኪም ሆንኩ። "ቀላል ነው እማማ፣ ነጭ ሽንኩርት ይፈተግበት" አልኩ አፌን ሞልቼ። እሳቸው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጨመሩበት። ሁለቱን ቀን ሦስት ጊዜ ፈተጉት። በሦስተኛው ቀን አገጩ ተልጦ ቀይ ሆነ፤ ሽታው ደግሞ ግድግዳ አልፎ እኔ ድረስ መጣ። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን በር ላይ አስቀምጦ "ሲያልቅ ደውልልኝ" ብሎ ይሄዳል። በምን ስልክ እንደሚደወልለት አያስብም።

ሚስቴ ሜቲ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁለታችንንም አሽትታ፣ አይታ፣ ሳህኑን አስቀመጠች። "ሆስፒታል መንገዱ ጠፍቷችሁ ነው?" አለች። ሜቲ ሁለት ጊዜ አትናገርም። በማግስቱ ሄድን።

የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ኢልሊ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቅ የሚቀድማት ሴት ናት። የሙርሳልን ራስ በመብራትና በማጉያ አየችው። ማጅራቱ ላይ የነበረችው አንዷ ሁለት ሆናለች።

"ላሽ የምትሉት ነው" አለች። "ከማሽን አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።"

"ይድገሙት" አልኩ።

"ምኑን?"

"የማሽኑን።"

ሳቀችና ደገመችልኝ። "ከማሽን ሊጋባ የሚችለው ቆረቆር ነው። እሱ ቅርፊት አለው፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩ ተሰባብሮ ይቀራል። ይሄ ግን ከውስጥ ነው። ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ አለ እንበል፤ የሰውነታችን መከላከያ ማለት ነው። ሥራው ሌባ መያዝ ነው። አንድ ቀን የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ በር ላይ ያስቀረዋል። ፀጉርህ ያ ልጅ ነው። አልሞተም፤ ሥሩ እዚያው አለ፣ ከበር ውጪ ቆሟል።"

"ዘበኛውን ምን አሳሳተው?" አለ ሙርሳል።

"በትክክል የሚያውቅ የለም። በቤተሰብ የሚሄድ ነገር አለበት፤ ለምጽ ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት ዘመድ ካለህ ትነግረኛለህ። አንዳንዱ ከጭንቀት ወይም ከሕመም በኋላ ጀመረኝ ይላል፣ አንዳንዱ ያለ ምንም ነገር ነው። የሠራችሁት ጥፋት የለም።" አገጩን አየች። "ከዚህ በቀር። ይሄን ምን አቃጠለው?"

"ነጭ ሽንኩርት።"

"ማን አዘዘ?"

ሙርሳል በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

ቀጥላ ሕክምናውን ነገረችን። ቦታው ላይ በቀጭን መርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ዘበኛውን እዚያች በር ላይ ብቻ ያረጋጋዋል፤ በየወሩ ይደገማል። ከእሱ ጋር ማጅራቱ ላይ የሚቀባ ቅባት ታዛለች። አገጩ መጀመሪያ ከእኔ ሕክምና ይዳን። ፀጉሩ በብዙ ሰው ላይ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንዳንዴ ያለ መድኃኒትም። ተመልሶ ሊረግፍም ይችላል። ቃል አልገባም አለች።

"እስከ ሰርጌ ይበቅላል?" አለ ሙርሳል። "ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ።"

"አይበቅልም። ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። የማጅራትህ አንደኛው የቆየ ነው፤ በኅዳር ብትመጣ ኖሮ ምናልባት እስካሁን ይጀማምር ነበር። ፀጉርህን ማን ነው የሚቆርጥህ?"

ጣቱ እንደገና ወደ እኔ ዞረ።

"አላየኸውም?" አለችኝ።

"መስታወቴ ተሰብሮ ነበር" አልኩ።

ዶክተር ኢልሊ ለአፍታ አየችኝ። የሰው ማጅራት የሚቆርጥ ሰው መስታወት ምን ያደርግለታል ብላ እያሰበች እንደነበረ አልጠራጠርም። ዕድሌ ሆኖ መርፌው ቀረበ፤ መርፌ ሳይ ደግሞ እኔ እወድቃለሁ። ወደቅኩ። ስነቃ ሙርሳል ፊቴ ላይ ውሃ ይረጫል፤ እሱ ተወግቶ ጨርሷል።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሙርሳል አገጩን እየነካካ መጣ። ያስጨነቀችው ሀዲል ናት። ሀዲል እጮኛው ናት፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ሼህ ሙዐዊያ ናቸው። ሼሁ ከዚህ በፊት የሀዲልን ታላቅ እህት የጠየቀ ሰው ኩርሙክ ከተማ ሌላ ሚስት እንዳለው ደብቆ ሲገኝ፣ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ድንኳኑን አስፈርሰዋል። ለድንኳን ተካዩ ምሳ አብልተው ሸኙት፣ ሙሽራውን ግን ውሃ አላጠጡትም።

"ለሀዲል ልንገራት?" አለኝ ሙርሳል።

እዚህ ላይ ሰው ብሆን ኖሮ "ንገራት" እል ነበር። እሱ ከነገራት ግን ሼሁ ይሰማሉ፣ ሼሁ ከሰሙ መቼ ጀመረ ይላሉ፣ ከዚያ መስታወቶቹ ይመጣሉ። "ትንሽ ቆይ" አልኩት። ሦስት ወር ከደበቅኩበት በላይ ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ቅባቱን ልገዛ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሙርሳል መሄድ አይችልም። ሀዲል ራሷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሌሎቹን መድኃኒት ቤቶች ሁሉ አዳርሼ የለም ተባልኩ፤ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ማዘዣውን አራት አጥፌ፣ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ገባሁ። የሐኪም ጽሑፍ ማን ያነባል ብዬ እኔ ራሴ ገልጬ አላየሁትም።

ሀዲል ወረቀቱን ዘረጋችው። ከላይ ጀምራ አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና ከላይ አነበበች።

"ለማን ነው ጋሽ ሌንጂሳ?"

"ለእኔ።"

"ለእርስዎ።" ከንፈሯን ነከሰች። "የት ጋ ነው?"

እጄ ብድግ ብሎ ጢሜን ያዘ፤ ጢሜ ደግሞ፣ ጌታ ይመስገን፣ እንደ ጫካ ነው። "እዚህ ውስጥ" አልኳት። "ጥልቅ ቦታ ነው።"

ዞራ መደርደሪያውን ለረጅም ጊዜ ስትፈልግ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በርዷት ይሆናል አልኩ፤ በጥር ወር፣ በአሶሳ ሙቀት። ቱቦውን ሰጥታኝ በጥሞና አስረዳችኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ስስ ተደርጎ፣ ቦታው ላይ ብቻ። "አይዞዎት በሉት" አለች በመጨረሻ። "ማለቴ፣ አይዞዎት።" በጀግንነቴ እየተደሰትኩ ወጣሁ።

በእነ ሙርሳል ዘመዶች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ሙሽራው ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁሉም ፊት ፀጉሩን ይቆረጣል። የሙሽሪት ወንድ ዘመዶች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ከሙሽሪት ቤት ሽቶና ሂና የያዘ ቅርጫት ይመጣል። ፀጉሩ ሲያልቅ የሙሽሪት አጎት ተነስቶ ጭንቅላቱን በመዳፉ ዳብሶ "መብሩክ" ይላል። ያቺ ቃል ከወጣች ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። ሙርሳል ይህን ሲነግረኝ ስለ ቃሏ አልጨነቀኝም። ስለ መዳፉ ነው።

አሰብኩ፣ አሰብኩና የሜቲን ኩል ሰረቅኩ። ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ የሙርሳልን ማጅራት እንደ ሠዓሊ ቀባሁት። የአገጩ ቁስል ድኖ ስለነበር የጢሙንም ክብ ነካ ነካ አደረግኳት። ከሩቅ ሲታይ የሚያምር ነገር ነበር። ከዚያ "ፍጠን፣ ሰው ተቀምጧል" ተብዬ ስጠራ ከመሳቢያው ፎጣዎቹን በጥቅል አፍሼ ሮጥኩ።

እነ ሙርሳል ግቢ ከማንጎው ዛፍ ስር ሰው ሞልቷል። ሼህ ሙዐዊያ ከፊት፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። እማማ ኸድራ ከሴቶቹ ጋር በረንዳ ላይ ናቸው። ማሽኔን ከሙርሳል ባትሪ ጋር አገናኘኋት፣ አልኮል ነፋሁ፣ ክብሪት ጫርኩ፣ ቦግ ስትል ግቢው አጨበጨበ። ከጎን ጀመርኩ። ሙርሳልም ነጭ ለብሷል። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መሃል በቀጥታ እሱ ላይ ነች።

ከጆሮው ኋላ አንዲት ጥቁር ጠብታ ወጣች። ተንከባላ ወደ ኮሌታው ወረደች። ሁለተኛ ተከተለቻት። ኩሉ ቀልጦ ነው። ሼሁም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከወንበራቸው መነሳት ጀመሩ።

"ሌንጂሳ፣ አሳጥረው። እዳብሰዋለሁ" አሉ።

ፎጣ ፍለጋ ጥቅሉን ጎተትኩ። ጥቅሉ ተፈታ። ሁለት መስታወቶች ተንሸራተው ወጡና አንዷ ሙርሳል ጭን ላይ፣ ሰማያዊዋ እግሩ ስር አፈር ላይ አረፉ። አንዳቸውም አልተሰበሩም። በዚያ ሁሉ ውሸት ውስጥ ብትሰበሩ ምናለ አልኩ በሆዴ።

ሙርሳል አንስቶ አገላብጦ አያቸው። "ተሰብረዋል ያልከኝ ናቸው?"

አሁንም ልዋሽ እችል ነበር። ፎጣው እጄ ላይ ነው፤ ጠረግ አድርጌ፣ "ባለሙያ ጠገነልኝ" ብዬ። አፌም ተከፍቶ ነበር። ግን ያየኝ ሙርሳል ነው፤ እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ ያዘነልኝ ሙርሳል። ፎጣውን ወስጄ ኩሉን ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት። ሁለቱ ልሙጥ ቦታዎች በፀሐይ አብለጨለጩ። ሰማያዊዋን መስታወት ከኋላው ያዝኩ።

"ያችኛዋን ፊት ለፊትህ ያዛት" አልኩት። "እያት። አንደኛዋን ኅዳር ላይ ነው ያየኋት። ደባልቄን እንዳስወጡት እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ደበቅኩህ። ለሀዲል እንዳትነግራት ያደረግሁህም እኔው ነኝ።"

ሙርሳል በመስታወቷ ውስጥ ማጅራቱን አየ፣ ከዚያ በእሷው ውስጥ እኔን አየኝ።

"ሦስት ወር?"

"ሦስት ወር።"

"መስታወት ገዝቼልህ?"

"አመሰግናለሁ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ሥር አወጣ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚህ መሃል ሼህ ሙዐዊያ ድንገት እጃቸውን ወደ ገዛ ማጅራታቸው ሰደዱ።

"እኔስ?" አሉ። "ጥር ላይ ቆረጥከኝ። መስታወት የለም አልከኝ። ስጠኝ ያንን።"

መስታወቶቹን ተቀብለው አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ያዙ። የማጅራታቸው መስመር ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል፤ የአሶሳ ዳገት ነው። ከጎናቸው የነበረው ሰው የራሱን ዳበሰ። ከዚያ ሌላው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የግቢው ወንድ ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ የጎረቤቱን ማጅራት ያያል። በረንዳው ላይ ሴቶቹ መሬት ሊወድቁ ነው። አንዷ "እኛ እኮ አዲስ ፋሽን መስሎን ነው" አለች። ሙርሳል መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ ሳቀ፤ ከወንበሩ ተንሸራቶ አፈር ላይ ተቀመጠ። አለመመታቴን ሳውቅ እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ሼሁ ግን አልሳቁም። በትራቸውን መሬት መቱ።

"ሹፍ፣ ተመልከት ሌንጂሳ። እኔ ጉድለት አይፈራም። እኔ የሚደበቅ ነገር ነው የሚፈራ። ይሄ በሽታ ይጋባል? ወላሂ በል።"

ወላሂ ማለት አልችልም፤ ሙሉ ወንጌል ቸርች ነው የምሄደው። ስለዚህ የዶክተር ኢልሊን ዘበኛ ነገርኳቸው፤ በር ላይ የቀረውን ልጅ፣ ሥሩ አለመሞቱን፣ ማሽን አለማስያዙን። ፊታቸው አልተፈታም። ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኔን አልኮል ሳልነፋ፣ እሳት ሳላስይዝ፣ ከሙርሳል ማጅራት አንስቼ ግንባሬ ላይ አሳረፍኳት። አሥራ ሁለት ዓመት የተንከባከብኩት ጎፈሬ መሃሉን ተከፍሎ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ቀጠልኩ። የሚታመንልኝ ሌላ ምስክር አልነበረኝም።

"ኻላስ፣ በቃ ሌንጂሳ አበደች" አሉ እማማ ኸድራ።

ራሴ እንደ እንቁላል ሆኖ፣ ፎጣ ይዤ ቆሜ ሳለ የሀዲል ታናሽ እህት ሳና ቅርጫቱን ይዛ በበሩ ገባች። ደንቡ ነውና ሼሁ ተቀበሏት። ሽቶውን አወጡ፣ ሂናውን አወጡ። ከስር አንዲት ቱቦ ነበረች፤ ወረቀት በላስቲክ ታስሮባታል። ሼሁ መነጽራቸውን አድርገው፣ አማርኛው እንዳያመልጣቸው ፊደል በፊደል ጮክ ብለው አነበቡ።

"ለ - ሙርሳል። ጠዋትና ማታ። ስስ ተደርጎ። የመጀመሪያው አልቆ ይሆናል።" አቆሙ፣ ወረቀቱን አቀረቡት። "ለ - ሌንጂሳ - ጢም - አይደለም።"

የማንጎው ዛፍ ላይ የነበሩ ወፎች ከሳቁ የተነሳ በረሩ። ሼሁ ሳናን አዩዋት።

"ሀዲል ታውቃለች?"

"ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው" አለች ሳና። "ማዘዣው ላይ ስሙ ተጽፏል። እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ ነበር ያለችው። ዛሬ ግን ስታሰላው ቱቦው የሚያልቅበት ነው፤ መድኃኒት አይቋረጥም አለች።"

ሙርሳል አፈር ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሼህ ሙዐዊያ ቱቦዋን ኪሱ ከተቱለት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ፀጉር ባለበት ሳይሆን፣ በቀጥታ ልሙጡ ቦታ ላይ አሳረፉት። ቆይተው ነው ያነሱት።

"መብሩክ" አሉ።

እልልታው ሲጋጋል ወንበሩ ላይ እሳቸው ተቀመጡ። "አሁን የእኔን አስተካክል" አሉኝ። "መስታወት ያዝ።" ቀጥሎ ያለው ሁሉ ተሰለፈ። እስኪመሽ ድረስ የግቢውን ማጅራት በሙሉ ቀና አደረግሁ፤ ማሽኔንም በየመሃሉ ቦግ አደረግኳት።

ይኸው አሁን ሰኔ ገብቷል። ሙርሳል በየወሩ ይወጋል፤ እኔ ውጪ ነው የምጠብቀው። የማጅራቱ ሁለቱ ቦታዎች ሞልተዋል፤ መጀመሪያ ነጭ ላባ የመሰለ ፀጉር አወጡ፣ ሀዲልም "ሽማግሌ ነው ያገባሁት" እያለች ስታበሽቀው ከረመች፣ ከዚያ ጠቆሩ። የአገጩ ግን እልኸኛ ናት፤ እስካሁን ባዶ ናት። መስታወቶቹ ሁለቱም ግድግዳዬ ላይ በምስማር ተሰቅለዋል። የሀዲልን ወረቀት ከመካከላቸው ለጥፌዋለሁ፤ ደንበኛ ሁሉ አንብቦ ጢሜን ያያል።

ያለፈው ሐሙስ ከግራ ጆሮው በላይ አዲስ አገኘሁ፤ ምስር ታክላለች። ማሽኔን አጠፋሁ፣ ሰማያዊዋን አወረድኩና ከጎኑ ያዝኩለት። ሙርሳል አንገቱን አዘንብሎ አያት።

"መቼ ነው የወጣችው?" አለ።

"አሁን ነው ያየኋት።"

ስልኩን አውጥቶ ለሀዲል ደወለ። "ሌንጂ አንዲት አገኘ" አላት። እሷ የምትለውን ሰምቶ ሳቀና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

"ጢምህስ ዳነልህ ወይ እያለች ነው" አለኝ።